ማንዳሪኗ አሳዬ ምግብ እምቢ ብላኛለች፣ ምን ላድርግ?

የጨው ውሃ አሳ የምታረቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ግራ ገብቶኛል። ማንዳሪን አሳ ካመጣሁ 3 ሳምንት ሆነኝ። በረዶ የነበረ ማይሲስ (ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል የአሳ ምግብ) አሟሙቼ ስሰጣት አፍጥጣ ታየዋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ ድንጋዩን መልቀም። ድንጋዩ ላይ ያሉትን ኮፔፖዶች (ጥቃቅን የውሃ እንስሳት) ብቻ ነው የምትበላው፣ ገንዳዬ ደግሞ 100 ሊትር ብቻ ስለሆነ እነሱም እያለቁ ነው መሰለኝ፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል። ውሃው ደህና ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ጨዉ በጥግግት መለኪያ 1.025፣ አሞኒያ ዜሮ። አብረዋት ገንዳው ውስጥ ያሉት ክላውንፊሽ የሚባሉት አሳዎች ግን (ሆዳሞች!) ምግቡ ሳይወርድ ይጨርሱታል።

ትናንት ፓምፑን አጥፍቼ በቀጭን ቱቦ በሕይወት ያለ አርቴሚያ (ትንንሽ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) አፏ ስር ብለቅላት ሁለት ሦስት ዋጥ አደረገች። ከዚህ ወደ ማይሲሱ እንዴት ላሻግራት? ለብቻዋ መረብ ሳጥን ውስጥ ላስገባት ወይስ ይብስባታል? ኮፔፖድ ቤቱ ያራባ ካለም እንዴት እንደሚጀመር ይንገረኝ፣ በቶሎ።