ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ፤ አምባሰል ስለው ራፕ ይሰጠኛል!

የደሴዋ መምህርት፦
እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ። ነገ 3 ሰዓት ላይ በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ ለ8ኛ ክፍሎች ላሳያቸው ነው። «በአምባሰል ቅኝት፣ በማሲንቆ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ጊታርና ራፕ አመጣ። ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ግጥሙንም አማርኛ በማይመስል አማርኛ ይዘፍነዋል። አሁን ደግሞ የዛሬው ነፃ ድርሻሽ አልቋል፣ ገንዘብ ክፈይ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ናቲ ኮምፒውተር፦
የብሮውዘሩን ካሽ (ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል) አጥፊና አፕዴት አድርጊው። ይሠራል።

የአራዳው፦
የትኛው ዓይነት መሣሪያ ነው? በስልክ ነው በኮምፒውተር? ተማሪዎቹስ የሚነኩት ነገር አላቸው? ይህን ሳናውቅ ምን ብለን እንመልስ?

ጋሽ በገና፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ቅኝቱ ይታወቅ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ይህም ለፒያኖ እንዲመች ተጠጋግቶ ነው እንጂ፣ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ሁልጊዜ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር አይገጥምም። ማሽኑ የሰማው አብዛኛው የምዕራቡን ሙዚቃ ነው፤ አምባሰል ስትዪው የሚይዘው ነገር የለውም። ልጆቹ ቅኝቱን በጆሯቸው ሳይለዩ ማሽን ፊት አታቁሚያቸው። ያወጣውን ሁሉ አምባሰል ነው ብለው ይቀበሉታል።

የውጫሌ ልጅ፦
አምባሰልን ካላወቀ እኛ ጋ ይላክ፤ ሁለት ክረምት ከብት እየጠበቀ ይማራል ሃሃሃ

የደሴዋ መምህርት፦
ጽሑፍ ሲሰጡት ዘፈን የሚሠራው ዓይነት ነው። ያለኝ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር፣ ኢንተርኔቱም ከስልኬ። ጋሽዬ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አካውንትም ክፍያም የማይጠይቅ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ክራር ይሻላል፦
እኔ ነገሩ ከመነሻው አልተዋጠልኝም። ለምን ማሽን? ክራር ስጫቸው። የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ተጠቅማችሁ ማሽናችሁን አሠለጠናችሁ ብለው የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር፣ እንዲህ ዓይነት ዘፈን ሠሪ ማሽን ያላቸውን ሱኖንና ዩዲዮን እ.ኤ.አ. በጁን 2024 አሜሪካ ውስጥ ከሰዋቸዋል። ልጆች ይህን ይማሩ?

የደሴዋ መምህርት፦
ወንድሜ፣ ትምህርት ቤታችን ክራር ቢኖረው ደስታዬ ነበር። ልጆቹ በየስልካቸው እየሠሩ ለጓደኛ ልደት ይላላካሉ። እኔ ዝም ብል ያለ እኔ ይቀጥላሉ። የክሱን ነገር ግን ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ማወቅ አለባቸው።

ናቲ ኮምፒውተር፦
ካሹን አጠፋሽው?

የአራዳው፦
ናቲ፣ ድርሻው አልቋል እያለች ካሽ ምን ያደርግላታል?

ሀኒ ከሜሪላንድ፦
እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛና መዝሙር አስተምራለሁ። እኔን የረዳኝ የቅኝቱን ስም ትቼ በእንግሊዝኛ መግለጽ ነው፦ አምስት ድምፅ ያለው ስኬል፣ ባለ አንድ ክር ቫዮሊን መሰል መሣሪያ፣ ስድስት ስምንተኛ ምት፣ ጊታርና ድራም አይኑር። አምባሰል አይወጣም፤ ራፑ ግን ይቀራል። ድርሻሽ ሲመለስ ሞክሪው የኔ እህት።

የኮምቦልቻው መምህር፦
እህቴ፣ ለነገ ያንን ተይው። ጉግል ክሮም ሚውዚክ ላብ በሚባለው ድረ ገጽ ውስጥ፣ ሳጥን እየነኩ ዜማ የሚሠሩበት «ሶንግ ሜከር» አለ፤ ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም። ሴቲንግ ውስጥ ስኬሉን ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ) ስታደርጊው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይሆናል፤ ይህ ራሱ ትዝታ ሜጀር ነው። ለአምባሰል ክሮማቲክ (አሥራ ሁለቱንም ድምፅ) አድርጊና ከዶ ጀምረሽ ወደ ላይ ስትቆጥሪ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ረድፍ ላይ ብቻ አስነኪያቸው። ለችክችካ (ለስድስት ስምንተኛው ምት) በአንድ ባር፣ ማለት በአንድ የምት ክፍል፣ 2 ምት አድርጊ፤ እያንዳንዱንም ምት ለ3 ከፋፍይው።

ይህ ግን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አይደለም፤ ለጆሯቸው ነው። ቀጥለሽ ጉግል እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2019 ለጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ለባኽ ያወጣውን ዱድል (በፍለጋ ገጹ ላይ ያኖረውን ጨዋታ) ክፈቺ። ሁለት ባር ዜማ ስትሰጪው ሌሎቹን ድምፆች ራሱ ይጨምራል። የተማረው 306 የባኽ ሥራዎችን ስለሆነ የትዝታ ዜማ ብትሰጪውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ የጀርመን መዝሙር አድርጎ ይመልስልሻል። ክፍሉ ያኔ ይስቃል፤ አንቺም ለምን ብለሽ ጠይቂያቸው።

ጊዜ ከተረፈሽ «ቲቸብል ማሽን» በሚባለው፣ ማሽን ምሳሌ እየሰጡ የሚያስተምሩበት ድረ ገጽ ላይ የድምፅ ፕሮጀክት ክፈቺ። መጀመሪያ የክፍሉን ዝም ያለ ድምፅ 20 ሰከንድ ቅጂ፣ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ካሠለጠንሽው በኋላ አንዱ ልጅ ያፏጭ። ማሽኑ ፉጨት የሚባል ነገር አልተማረምና ካወቃቸው በአንዱ ስም ይጠራዋል። አምባሰልሽም ራፕ የሆነው በዚሁ ነው። የማይክ ፈቃድ መስጠት አትርሺ፤ ገጾቹንም ዛሬ ማታ ከፍተሽ ሞክሪያቸው፣ የስልክ ኢንተርኔት ጠዋት ላይ አይታመንም።

ክራር ይሻላል፦
የእልልታው ጥሩ ነው። ክራር ካስፈለገ ግን እኔ ደሴ ነኝ፤ አንድ ይዤ መምጣት እችላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሜሪ 8ለ፦
ሶንግ ሜከር በስልክ ይሠራል?

የኮምቦልቻው መምህር፦
ይሠራል፤ ግን ክሮማቲክ ላይ ሳጥኖቹ ስለሚጠቡ ጣት ይሳሳታል። ስልኩን አግድም ያዢው።

ጋሽ በገና፦
የአምባሰሉን ቁጥር በፒያኖ አየሁት፤ ልክ ነው። ለአንቺ ሆዬ 1፣ 2፣ 6፣ 7፣ 10 አስይዢያቸው። ባቲ ሜጀር ከሆነ 1፣ 5፣ 6፣ 8፣ 12።