ሜታሊካን ለማየት ብቻዬን ፍራንክፈርት ልሄድ አስቤአለሁ፤ እንዲህ ያደረገ ሰው አለ?

የሳሪሷ

ሰላም ለሁላችሁ። የሮክ ባንዱ ሜታሊካ ግንቦት 14 እና 16 ፍራንክፈርት ይጫወታሉ፤ በፈረንጆቹ ሜይ 22 እና 24፣ 2026 ማለት ነው። መሄድ እፈልጋለሁ። ብቻዬን።

29 ዓመቴ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከናይሮቢ በቀር ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ሜታሊካን ያስተዋወቀኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። በ1991 የወጣው ጥቁር ሽፋን ያለው አልበማቸው በካሴት ነበረው። ከጓደኛው ተውሶ ሳይመልስ የቀረ ካሴት ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ግጥሙ አይገባኝም ነበር። ጄምስ ሄትፊልድ ሲዘፍን ግን የሆነ ሰው ውስጤ ያለውን አውጥቶ የሚናገርልኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ያረፈ ሰሞን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ጓዳ ገብቼ በጆሮ ማዳመጫ የሰማሁት እነሱን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ገንዘቡን አጠራቅሜአለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ግን የለም። ወንድሜ ካናዳ ነው፤ ልጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ አይመቸውም። ጓደኞቼ ሮክ ከፈትኩ ማለት ጆሯቸውን ይይዛሉ። እናቴ «ለዘፈን ብለሽ ጀርመን? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። አክስቴ ደግሞ በዚያ ብር ኢየሩሳሌም ተሳልመሽ አትመጪም ወይ ትላለች።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ቪዛ ማመልከቻው ላይ ለኮንሰርት ብዬ ልጻፍ ወይስ ለጉብኝት? የኮንሰርቱን ትኬት አሁን ልግዛ ወይስ ቪዛው እስኪመጣ ልጠብቅ? ደግሞስ ሴት ልጅ ብቻዋን ያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እንዴት ትሆናለች? ማታስ በምን ትመለሳለች?

ጉርድ ሾላ

እህቴ፣ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ ግን ብርሽን አስቢበት። የሸንገን ቪዛ (ለብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው) ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉሽ አይመለስም። ወጣት ነሽ፣ አላገባሽም፣ ፓስፖርትሽ ላይ የአውሮፓ ቪዛ የለም። እነዚህን ነው መጀመሪያ የሚያዩት። «ዘፈን ልሰማ ነው» ካልሽ ደግሞ የሚያምንሽ ያለ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ጉብኝት ብዬ እጽፋለሁ። ወይም ቀለል ይላል በሚባል የሌላ አገር ኤምባሲ በኩል እሞክራለሁ፤ ሸንገን ከገባሽ በኋላ በባቡር የትም ትደርሻለሽ።

ጥቁር ቲሸርት

የሳሪሷ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ መታ። እኔ በ2023 ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ አምስተርዳም ብቻዬን ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ይሄ አሁንም ያላለቀው ጉዞአቸው የተጀመረው እዚያ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነውና። ብቻ መሆን ከባድ አይደለም።

ወንድሜ ጉርድ ሾላ ያለውን አትስሚ። ለእህትነትሽ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምክሩ ግን ይጎዳሻል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዪበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ደንቡ ይህ ነው። ፍራንክፈርት የምትሄጅ ከሆነ ጀርመን ነው። በሌላ አገር ስም አስገብተሽ የሆቴልሽ ወረቀት ፍራንክፈርት የሚል ከሆነ እምቢ ለማለት ምክንያቱን በእጅሽ ሰጠሻቸው ማለት ነው።

እውነቱን ጻፊ። «ኮንሰርት» ብለሽ ጻፊ። ጉብኝት ነው ብለሽ ስታዲየም አካባቢ ሆቴል ብትይዢ፣ ቀኑም ከኮንሰርቱ ጋር ልክ ቢገጥም ታሪክሽ አይያያዝም። እኔ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደምሠራ፣ ይህን ባንድ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምሰማ፣ ሁለቱ ምሽቶች መቼ እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን ሥራዬ ላይ እንደምገኝ። የኮንሰርቱን ትኬት አያያዝኩ። የመሥሪያ ቤቴን የዕረፍት ፈቃድ ደብዳቤና ደመወዜ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ መግለጫም ጨመርኩ። አንቺ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ ወረቀት በቅጡ መደርደር ማንም አያስተምርሽም። ለሙዚቃ ሲባል ባሕር መሻገር የሚያሳፍር ነገር ስላልሆነ አትደብቂው። ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ መመለሻው የታወቀ ጉዞ ከ«አገር ልይ» ይልቅ ግልጽ ነው።

እኔ ስሄድ ያልነበረ ነገር አሁን አለ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አጥብቋል። በፊት መደበኛው የምላሽ ጊዜ 15 ቀን ነበር፤ አሁን 45 ቀን ነው። የሚሰጠውም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። ማመልከቻ ከጉዞ 6 ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል፤ ስለዚህ አሁኑኑ ቀጠሮ መፈለግ ጀምሪ። ቀጠሮው ራሱ ጊዜ ይበላል። በእኔ ግምት ከጥር ባታሳልፊው ጥሩ ነው። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ትኬት? የኮንሰርቱን አሁን ግዢ፣ የአውሮፕላኑን ቦታ ብቻ አስይዢ። አውሮፕላን ነገም ይበራል፤ የኮንሰርቱ ቀን ግን አይጠብቅሽም። ባንዱ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ማስፈንጠሪያ ገብተሽ ግዢ። ቪዛው ባይሳካ ትኬቱን ሻጩ ራሱ በከፈተው የዳግም ሽያጭ ቦታ መልሰሽ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ሳትከፍዪ በፊት አረጋግጪ። ካርድ ከሌለሽ ወንድምሽ ከካናዳ ይክፈልልሽ። ስም ከተጠየቀ ግን የአንቺ ስም፣ በፓስፖርትሽ ላይ ባለው አጻጻፍ።

ደግሞ እባክሽ ሁለቱንም ምሽት ግቢ። አንዱን ብቻ ልግባ የሚል ሐሳብ ካለሽ ተዪው። በአንድ ከተማ ሁለት ምሽት ሲጫወቱ ዓርብ የተጫወቱትን ዘፈን እሑድ አይደግሙም። አንዱን ምሽት ብቻ ብትገቢ ከካሴቱ ላይ የምታውቂው ዘፈን በቀረሽበት ምሽት ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ መንገድ ሄደሽ እንደዚያ እንዲሆንብሽ አልፈልግም።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ። አምስተርዳም የመጀመሪያው ምሽት ኤፕሪል 27 ነበር። ለካ የንጉሡ ልደት በዓል ነው! ከተማው በሙሉ ብርቱካናማ ለብሶ፣ ሰው በጀልባ እየጨፈረ። በዚያ መሃል ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ሰዎች እዚህም እዚያም ይታያሉ። እኔም አንዷ ነኝ። ስንተያይ ጭንቅላት እንነቀንቃለን። ሳናወራ እንተዋወቃለን። ሰልፍ ላይ ከፖላንድ የመጡ እናትና ልጅ ፊቴ ነበሩ። እናትየው ከእናቴ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያላት ይመስለኛል። ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት ስላት ዳቦዋን ለሁለት ከፍላ ሰጠችኝ። መጸዳጃ ቤት ስሄድ ቦታዬን የጠበቁልኝ እነሱ ናቸው።

መድረኩን በቪዲዮ አይተሽው ይሆናል፤ ቆመሽ ስታዪው ግን ሌላ ነው። ሜዳው መሃል የተዘረጋ ትልቅ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ውስጥም ሰው ይቆማል፣ ውጪውም ሰው ነው። ዙሪያውን ስምንት ማማዎች ቆመዋል፤ ስክሪኑም ድምፅ ማጉያውም እነሱ ላይ ነው። ከበሮው በአራት ቦታ ስላለ ላርስ ኡልሪክ እየተዘዋወረ ይመታል። ስለዚህ «ፊት ለፊት» የሚባል ቦታ የለም። የትም ብትቆሚ የሆነ ሰዓት ላይ አንዳቸው አጠገብሽ ይመጣሉ። ሮበርት ትሩሂዮ ባስ ጊታሩን ይዞ ጎንበስ ብሎ በእኔ በኩል ሲያልፍ ድምፁ በእግሬ ሥር ገብቶ ደረቴ ላይ ነው የወጣው።

መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የፊልም ሙዚቃ ደራሲው የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ይለቀቃል። ከ1983 ጀምሮ ልማዳቸው ነው። እሱ ሲጀምር ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ ሲዘምር ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ። ያኔ ነው ብቻዬን በመምጣቴ ደስ ያለኝ። አብሮኝ ሰው ቢኖር ኖሮ «ደስ ብሎት ይሆን? ደክሞት ይሆን?» እያልኩ ፊቱን ፊቱን አይ ነበር። ለምን እንደማለቅስም ማስረዳት ይኖርብኝ ነበር። ብቻዬን ስለነበርኩ ጆሮዬም ዓይኔም ለእነሱ ብቻ ሆነ። አባትሽን ያነሳሽው ለዚህ ነው ልቤን የመታው። አንቺም ይህን ቦታ ለብቻሽ ታገኚዋለሽ።

ስለ ግፊያው፦ መሃል ላይ የሚጋፉና የሚዘሉ አሉ። ከመሃሉ ራቅ ብለሽ ወደ ዳር ከቆምሽ ማንም አይነካሽም፤ የሚወድቅ ሰው ካለም ያነሱታል። የጆሮ መድፈኛ ግዴታ ነው፤ ከፋርማሲ ግዢ። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም፤ ከኤ4 ወረቀት የማይበልጥ ትንሽ ቦርሳ ይዘሽ ሂጂ። ስልክሽን ሙሉ ቀን በቪዲዮ አትጨርሺው፤ ትኬትሽም የመመለሻ ካርታሽም እሱ ውስጥ ነው።

ባስ ተጫዋቹ

ጥቁር ቲሸርት፣ አንጀቴን አራስሽው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር ሮክ እጫወታለሁ። በአገራችን ከጃኖ ባንድ በኋላ እንኳ ሮክ የሚሰማ ሰው ራሱን ብቸኛ አድርጎ ነው የሚያስበው። የሳሪሷ፣ አንቺ ሳሪስ እየኖርሽ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ? ስትመለሺ ያየሽውን በደንብ ጻፊልን። በተለይ ባሱን አዳምጪልኝ። ክሊፍ በርተን በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ከሞተ በኋላ ያንን ቦታ መሸከም ቀላል አይደለም፤ ትሩሂዮ ከ2003 ጀምሮ ተሸክሞታል።

የማይን ዳር

ልጄ፣ እኔ ፍራንክፈርት የምኖር ሰው ነኝ። የዚህ ሙዚቃ ነገር አይገባኝም፤ መንገዱን ግን ልንገርሽ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይመጣል፤ ሌሊት ተነስተሽ ጠዋት እዚህ ነሽ። ስታዲየሙ በወረቀት ላይ ዶይቸ ባንክ ፓርክ ይባላል፤ እኛ ግን ዋልድሽታዲዮን ነው የምንለው። ጫካ ውስጥ ነው። ሞሐመድ አሊ በ1966 ካርል ሚልደንበርገርን ያሸነፈው እዚያ ነው። ባቡሩ ኤስ 7፣ ኤስ 8 እና ኤስ 9 ስታዲየሙ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ኤስ 8 እና ኤስ 9 ከኤርፖርቱም ያልፋሉ። ሲያልቅ ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያው ጣቢያ ስለሚጎርፍ አትደንግጪ፤ ከሰዉ ጋር ሂጂ። ብቻሽን በጫካው በኩል አቋርጬ ልሂድ እንዳትዪ።

ሆቴል ስትይዢ ዋጋው ረከሰ ብለሽ ዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካሉት ጎዳናዎች አትግቢ። ቀን ደህና ነው፤ ማታ ግን ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች መንገዱ ላይ ስለሚበዙ ለብቻዋ ለምትመጣ ልጅ አልመርጠውም። ከወንዙ ማዶ ዛክሰንሃውዘን ይሻልሻል።

አንድ ሌላ ነገር። ሁለተኛው ምሽት ግንቦት 16 የእነሱ ጰራቅሊጦስ እሑድ ነው። ማግስቱ ሰኞ በዓል ስለሆነ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ለቤተሰብ የምትገዢው ካለ ቅዳሜን ተጠቀሚበት። ሀበሻ ምግብ ቤት እንደሆነ አታጪም።

ድንበር ላይ ፎቶ ያነሱሻል። ለምን መጣሽ ካሉሽ ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽውን ያንኑ ተናገሪ። የመመለሻ ትኬትሽን፣ የሆቴሉንና የኮንሰርቱን ወረቀት አትመሽ በእጅሽ ያዢ።

ጉርድ ሾላ

ጥቁር ቲሸርት፣ የኤምባሲውን ነገር አላውቀውም ነበር፤ አመሰግናለሁ። የሳሪሷ፣ የእሷን ስሚ። ዩሮ ሲያስፈልግሽ ደግሞ ጥቁር ገበያ አትሂጂ፤ ቪዛሽንና የአውሮፕላን ትኬትሽን ይዘሽ ባንክ ጠይቂ፣ ለተጓዥ ይሸጣሉ።

የሳሪሷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማይን ዳር፣ አባቴ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሀገሩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው አለ ስትል ፊቷ ፈታ አለ። ዓርቡስ ጾም አይደለም ወይ አለችኝ። በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው፣ አይጾምም አልኳት። ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው።

ዛሬ ማታ ወንድሜ ጋር ደውዬ የሁለቱንም ምሽት ትኬት እንዲገዛልኝ እነግረዋለሁ። ደብዳቤውን ጀምሬዋለሁ። አንድ ያላወቅኩት ነገር አለ፤ የአባቴን ነገር ልጻፍበት?

ጥቁር ቲሸርት

አትጻፊው። ደብዳቤው የሚፈልገው ቀኑን፣ ገንዘቡንና መመለሻሽን ነው። ስንት ዓመት እንደሰማሻቸው ጻፊ፣ ወንድምሽ እንዳስተዋወቀሽ ጻፊ፤ ይበቃል። የአባትሽን ለማታውቂው ሠራተኛ አትስጪው። ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ከማስገባትሽ በፊት አነብልሻለሁ። ቀጠሮ እንዳገኘሽም እዚሁ ጻፊልን።