የዋልታ ባሕር ባክቴሪያ ሰሚናር ደርሶኛል፤ ጎንደር ሆኜ ምን ላሳይ?

የቴዎድሮስ ግቢዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚሁ ጎንደር ማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ ላይ ነኝ። በዕጣ የደረሰኝ የሰሚናር ርዕስ «የዋልታ ባሕር ባክቴሪያዎች ለሚለዋወጥ ሁኔታ የሚሰጡት ምላሽ» ይላል። እኔ ከጣና በቀር ሰፊ ውሃ አላውቅም። ያገኘሁት ንባብ ሁሉ «ባሕሩ ይሞቃል፣ ባክቴሪያው ይፈጥናል» ከማለት አያልፍም። አድቫይዘሬ «ይሄማ አንድ ስላይድም አይሞላ» ብለው መለሱኝ።

ሁለት ነገር እርዱኝ። ጉዳዩ እውነት ሙቀት ብቻ ነው? ደግሞስ ፍሪጅ፣ ጨው፣ አጋር (የባክቴሪያ ምግብ ማርጊያ ዱቄት) እና ጥቂት ማሳደጊያ ፕሌት ብቻ ባለበት ላብ ለአድማጭ የሚታይ ነገር መሥራት ይቻላል? መብራቱን ታውቁታላችሁ። የማቀርበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ጨዋታ ወዳዱ
ካፖርት ለብሰሽ ግቢና አቅርቢ፣ ግማሹን ማርክ ትወስጃለሽ 😂

መምህር ከአዘዞ
ልጄ፣ አድቫይዘርሽ እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ የማን ምላሽ እንደሆነ ለዪ። አንዲት ሕዋስ በሰዓታት ውስጥ የምታደርገው አለ፤ ማኅበሩ፣ ማለትም አብረው የሚኖሩት የባክቴሪያ ዓይነቶች ሁሉ፣ በሳምንታት የሚያደርገው አለ፤ ዝርያው በብዙ ትውልድ የሚለወጠው አለ። ጥናቶቹ ላይ «ተለወጠ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ባክቴሪያው ያው ነው፣ ግን ቦታውን ሌላ ወሰደው። ተማሪ ይህን ሳይለይ ሲቀር ነው ሰሚናሩ የሚንሳፈፈው።

ስለ ሕዋሷ ብዙ አትድከሚ። ብርድ ሲመጣ ቅቤ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት ግን ይፈሳል። የሕዋስ ሽፋንም እንደዚያው ነው፤ ባክቴሪያዋ ሽፋኗ እንዳይረጋባት ያልጠገቡ ፋቲ አሲዶችን ታበዛለች። አር ኤን ኤ በብርድ ሲተበተብባት የሚፈቱላት ፕሮቲኖችም አሏት። በአንድ ስላይድ ያልቃል።

ጊዜሽን ሙቀትና ምግብ ላይ አውዪ። ከአርክቲክ የባሕር ደለል የተገኘች ኮልዌሊያ ሳይክረሪትሪያ የምትባል ባክቴሪያ አለች፤ ጂኖሟ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የምትኖርበት ውሃ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በደንብ የምትራባው ግን ወደ 8 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ብዙዎቹ የዋልታ ባክቴሪያዎች እንዲህ ናቸው፤ ከሚመቻቸው ሙቀት በታች ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ባሕሩ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢሞቅ መፍጠናቸው እውነት ነው፤ ግን የሚበሉት ካለ ነው።

ፖመሮይና ዳይበል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ባወጡት ጥናት፣ ውሃው ወደ መቀዝቀዣ ነጥቡ በተጠጋበት የፀደይ ወቅት አልጌው (በብርሃን የሚያድገው የውሃ ውስጥ ጥቃቅን ሕይወት) በብዛት ሲራባ ባክቴሪያው ግን ወደ ኋላ ሲቀር አይተዋል። በኋላ የመጡ ሥራዎች ነገሩን አጣሩት፦ በብርድ ውስጥ ባክቴሪያ የሟሟ ምግብን ከውሃው መልቀም ስለሚከብደው፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት በርከት ያለ ምግብ ይፈልጋል። ምግቡ ከበዛለት በዜሮ ዲግሪም ጎበዝ ነው። እንግዲህ «ቢሞቅ ምን ይሆናል» ብለሽ ስትጠይቂ፣ አብረሽ «አልጌው መቼና ምን ያህል ይመጣል» ብለሽ ጠይቂ። በዋልታ ወራት የሚዘልቅ ጨለማ አለ። ብርሃን ሲመለስና በረዶው ሲሳሳ አልጌ በአንዴ በብዛት ይራባል። ያኔ እነ ፖላሪባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች የአልጌውን ረጃጅም ስኳሮች እየቆራረጡ ይበዛሉ። በጥቂት ምግብ መኖር የለመዱት እነ ፔላጂባክተር ድርሻቸው ይቀንሳል። በረዶው ቀድሞ ከቀለጠ ይህ ሁሉ ቀን መቁጠሪያ ይዛባል።

የቴዎድሮስ ግቢዋ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አምታታኝ። አንዱ ጽሑፍ በረዶ ሲቀልጥ ጨው ይቀንሳል ይላል፤ ሌላው በረዶ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጨው ብዛት ይሰቃያል ይላል። የቱ ነው?

የላብ ሰው
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ወቅታቸው ነው የሚለየው። የባሕር ውሃ ወደ 1.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ይረጋል። ሲረጋ ታዲያ በረዶው ጨውን አያስገባም፣ ገፍቶ ያስወጣዋል። የተገፋው ጨው በበረዶው መሐል በቀጫጭን ቦዮች ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያውም እዚያው ይታሰራል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን የቦዩ ፈሳሽ ከባሕሩ አራት እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። እዚያ የሚኖረው ባክቴሪያ ውሃው ተመጥጦ እንዳያልቅበት እንደ ግላይሲን ቤታይን ያሉ ነገሮችን ውስጡ ያከማቻል። ዙሪያውን ደግሞ በዝልግልግ ስኳር ይሸፍናል፤ ያ ዝልግልግ ቦዩ ጨርሶ እንዳይዘጋም ይረዳል። ኮልዌሊያ በዚያ ብርድ ውስጥ ስትዋኝ በማይክሮስኮፕ ታይታለች።

ፀደይ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በረዶው ይቀልጥና ያ ለወራት ጨው የለመደ ባክቴሪያ ጨው አልባ ሊባል በሚችል ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ያከማቸውን ቶሎ ካላራገፈ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባበትና ያብጣል፣ ይፈነዳል። ያራገፈው ነገር ለጎረቤቱ ምግብ ነው። እኔ ብሆን ሰሚናሩን እዚህ ላይ ነበር የምተክለው፣ ምክንያቱም ሠርተሽ ማሳየት ትችያለሽ።

35 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውሃ በጥብጪ፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጊበት፣ አፈ ሰፊ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ ፍሪዘር አሳድሪው። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ አታገኚውም። በረዶው ነጣ ብሎ፣ ቀለሙ በየስንጥቁ ተሰብስቦ ይታያል፤ ስታዘነብዪው ቀይ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል። እዚያው ፍሪዘሩ ውስጥ እያለ አጥልዪው፤ ውጪ ካወጣሽው በረዶው እየቀለጠ ያቀጥንብሻል። ከዚያ ከመጀመሪያው ውሃ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከቀዩ ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር፣ ለየብቻ በኦቨን አድርቀሽ መዝኚ። የመጀመሪያው 0.35 ግራም አካባቢ ነው። ፍሪዘርሽ እውነት 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከያዘ ሁለተኛው ወደ 2.4 ግራም ይጠጋል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ አትናደጂ፣ ፎቶ አንሺ፤ የማቅለጫ ወቅት በነፃ መጣልሽ ማለት ነው።

የሙቀትና የምግቡን ነገር ለማሳየት ደግሞ ጥቂት ቀን ፍሪጅ የቆየ ወተት ይበቃል። በንጹሕ ውሃ አቅጥኚውና ሁለት ዓይነት ፕሌት ላይ ዝሪው፣ አንዱ ሙሉ ምግብ ያለው፣ ሌላው አንድ አሥረኛ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ኑትሪየንት አጋሩን እንዳለ አሥር እጥፍ ካቀጠንሽው አይረጋም። የምግቡን መጠን ብቻ ቀንሺና ንጹሕ አጋር ጨምረሽ በሊትር 15 ግራም አድርሺው። ከየዓይነቱ ግማሹን 4 ዲግሪ፣ ግማሹን 30 ዲግሪ አስቀምጪ። የ30ውን በሁለተኛው ቀን፣ የ4ቱን በአሥረኛው ቀን አንብቢ። ብርድና እጦት የተገናኙበት ፕሌት ላይ ምን እንደሚታይ ራስሽ ፍረጂ። ዛሬ ከጀመርሽ ይደርሳል።

መምህር ከአዘዞ
ጥሩ ብለሃል፣ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የወተቱ ባክቴሪያ ብርድ ቻይ ነው እንጂ ብርድ ወዳድ አይደለም። ሞሪታ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባስቀመጠው መለኪያ ብርድ ወዳድ የሚባለው ከ15 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ተመችቶት፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ማደግ የማይችለው ነው። እውነተኛው የዋልታ ባክቴሪያ የጎንደር ላብ ጠረጴዛ ላይ ቀትር ቢደርስበት አያድግም። ስላይዱ ላይ «ማሳያ» ብለሽ ጻፊው፤ «የዋልታ ባክቴሪያ» ካልሽ ጠያቂ ይጥልሻል።

ብርዳሙ ደባርቅ
ለምን ከራስ ደጀን ውርጭ ያለበት አፈር አታመጪም? እኛ ጋ ብርድ በነፃ ነው።

የላብ ሰው
ወንድሜ፣ ብርዱ ልክ ነው፣ ግን ጨው የለውም፤ ርዕሷ ባሕር ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ናሙና ለመውሰድም ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሁለት ሳምንት አይበቃትም። ለቴሲስ ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ዳታ ለቃሚ
እኔ ሌላ በር ልክፈትልሽ። ታራ የምትባለው የምርምር መርከብ እ.ኤ.አ. በ2013 አርክቲክን ዙራ ናሙና ወስዳለች፣ ዳታው ለሁሉም ክፍት ነው። ጥሬውን አታውርጂ፣ የግቢ ዋይፋይ አይችለውም። ኤምግኒፋይ በሚባለው የአውሮፓውያን ድረ ገጽ ላይ የተጣራ ሰንጠረዥ አለ፤ ትንሽ ፋይል ነው፣ በኤክሴል ይከፈታል። ከፍ ያለ ሥራ ካማረሽ ጋላክሲ በሚባለው የዳታ መተንተኛ ድረ ገጽ ላይ ሥሪ፤ ሥራው የሚካሄደው እነሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ መብራት ቢሄድብሽም አይቋረጥም። አንድ የአርክቲክና አንድ የሞቃት ባሕር ናሙና ጎን ለጎን ብታሳዪ ይበቃል።

ለመግቢያ ስላይድሽ ደግሞ፦ የአርክቲክ የባሕር በረዶ በሳተላይት መለካት ከጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው የመስከረም 2012 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። አርክቲክ ከዓለም ውቅያኖስ መጠን 1 ከመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከዓለም ወንዞች ውሃ ከ10 ከመቶ በላይ ይቀበላል። ስለዚህ ጨው የሚቀንሰው በበረዶው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 በካናዳ ቤዚን (የአርክቲክ ውቅያኖስ ክፍል) የተደረገ ልኬት፣ ላይኛው ውሃ ጨው እያነሰው ሲሄድ ትልልቁ አልጌ እንደቀነሰ፣ ትንንሹ አልጌና ባክቴሪያው እንደጨመሩ አሳይቷል። ቀለል ያለው ውሃ ከላይ ይንሳፈፍና ከሥር ናይትሬት (የአልጌ ምግብ) እንዳይወጣ ይከድናል፤ ትንንሾቹ በጥቂቱ መኖር ያውቁበታል።

የቴዎድሮስ ግቢዋ
ተባረኩ! ወተቱን ዛሬ እጀምራለሁ። «ታዲያ ባክቴሪያው ቢፈጥን ምን አገባን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ምን ልበል?

መምህር ከአዘዞ
አልጌው የያዘው ካርቦን ሁለት መንገድ አለው። ወይ ሰምጦ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ወይ ባክቴሪያ በልቶት ተመልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ባክቴሪያው ላይ ላዩን ከፈጠነ፣ አልጌውም ካነሰ፣ የሚሰምጠው ይቀንሳል። እንዲህ ብለሽ መልሺ፤ ቁጥር ከጠየቁሽ ግን የአንዱን ባሕር ቁጥር ለሌላው አትስጪ፣ አንታርክቲክ እንደ አርክቲክ ትልልቅ ወንዞች የሉትምና ነገሩ ይለያል።

የቴዎድሮስ ግቢዋ
እሺ መምህር። የመጨረሻ ጥያቄ ለላብ ሰው፦ ለበረዶው የሱቅ ጨው ይሆናል? አዮዲን አለበት።

የላብ ሰው
ለበረዶው ይሆናል፣ አዮዲኑ ኢምንት ነው። ፕሌት ላይ ጨው ለመጨመር ካሰብሽ ግን የላቡን ተጠቀሚ። ቀለሙን ደግሞ አታብዢው፤ አንድ ጠብታ ከበቂ በላይ ነው፣ ካበዛሽው ሁሉም ቀይ ሆኖ ቦዩ አይለይሽም።