«ፍልሰተ ዐፅም» ለጥቂት እርምጃም ይባላል?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ ደንፈርምሊን ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው፤ የስኮትላንድ ነገሥታት የተቀበሩባት ከተማ ናት። እዚህ ላይ ተያዝኩ፦ «ንግሥት ማርጋሬት በ1093 ዐረፈች፤ በ1250 ፍልሰተ ዐፅሟ ተከናወነ።» ዐፅሟ የሄደው ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ከድሮው መቃብሯ በምሥራቅ በኩል ወደተሠራላት አዲስ ቦታ። «ፍልሰት» አይበዛበትም?

ዘጎንጅ፦
አይበዛበትም። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ስናከብር ርቀቱን ማን ይለካል? ነገሩ ክብሩ ነው። ደግሞ በዐይኑ «ዐ»፣ በፀሐዩ «ፀ» በመጻፍሽ ተባረኪ።

ሥርወ ቃል፦
ሥሩን እንየው። ፈለሰ፣ ፈለጠ፣ ፈለቀ፣ ፈለፈለ። በ«ፈለ» የሚጀምር ሁሉ ከነበረበት መለየት ነው። አንድ ክንድም ከራቀ ፈልሷል።

የመሪጌታ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሁለት ፊደል ስለተመሳሰለ ሥሩ አንድ አይሆንም። ፈለሰ አገር ለቆ መሄድ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ «ፍልሰተ ባቢሎን» ምንድን ነው? ምርኮ ነው። ፈላሲም መጻተኛ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ይሄን አይስትም። እዚህ ታሪክ ላይ የፈለሰው ባሏ ነው። ንጉሥ ማልኮም 3ኛ በዚያው በ1093 አልንዊክ ላይ ተገደለ። መጀመሪያ የተቀበረው እንግሊዝ አገር፣ ታይንማውዝ ነው። ደንፈርምሊን የመጣው ኋላ ነው። ለእሱ «ፍልሰት»፣ ለእሷ «ማዛወር» በይ።

ዘጎንጅ፦
ቅኔ ቤት እኛም ውለናል። የሚዛወረው ሠራተኛ ነው፣ ዕቃ ነው። የቅድስት ዐፅም ይዛወራል? ትውፊቱን ስማ፦ ተሸካሚዎቹ ማልኮም መቃብር አጠገብ ሲደርሱ ዐፅሟ ከብዶ አልንቀሳቀስ አለ ይላሉ። የባሏ አብሮ ሲነሳ ነው መንገዱ የቀናው። ይሄን በቢሮ ቋንቋ ልትጽፈው ነው?

ሸዋዬ፦
በእኛ ስንክሳር የለችም፤ ቢሆንም ቃሉን ለእሷ መጠቀም ነውር የለበትም። ግን ሙሉ ታሪኳን ካየን «ዝርወተ ዐፅም»፣ የዐፅም መበተን፣ ይሻላል። ጥር 18 የጊዮርጊስን አስቡ። በ1560 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ሲመጣ ገዳሙ ተዘረፈ። የራስ ቅሏ ኤድንብራ፣ ንግሥት ሜሪ ዘንድ ሄደ። ኋላ ፈረንሳይ ዱዌ ደርሶ በአብዮቱ ጊዜ ጠፋ። ሌላው ዐፅሟ ስፔን፣ ኤስኮሪያል ገባ።

የመሪጌታ ልጅ፦
ዝርወት ጠላት ሲበትነው ነው። የጊዮርጊስን ፈጭተው ነው የበተኑት። የማርጋሬትን የወሰዱት ግን ሊያድኑት ነው።

ሸዋዬ፦
ያዳነውም የበተነውም ውጤቱ አንድ ነው፤ ዐፅሙ አንድ ቦታ የለም። «ዘረወ» የሚናገረው ስለ ድርጊቱ እንጂ ስለ አድራጊው ልብ አይደለም።

ሥርወ ቃል፦
ዘረወና ዘርአ ወንድማማች ናቸው። ዘር የሚበተነው እንዲበቅል ነው። ስለዚህ ዝርወት በጎም ይሆናል።

የመሪጌታ ልጅ፦
አንዱ በ«ወ» ያልቃል፣ አንዱ በ«አ»። አባቴ ቢሰማህ ከግስ ያስጀምርህ ነበር።

ተርጓሚዋ፦
እሺ፣ ሌላም አለኝ። ሮበርት ብሩስ በ1329 ሲሞት ሬሳው ደንፈርምሊን ገባ። ልቡን ግን ጄምስ ዳግላስ ወደ ቅድስት አገር ይዞ ሊሄድ ተነሳ፤ ስፔን ላይ ተገደለ። ልቡ ተመልሶ ሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ። ይሄስ «ፍልሰተ ልብ» ይባላል?

ዘጎንጅ፦
ልብ ዐፅም አይደለም። መጀመሪያ «ዝርወት»ን እንጨርስ፤ ሸዋዬ፣ ስንክሳሩን አውጪና የጥር 18ን አንብቢልን።