ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ልፈርም? (ሚሺጋን ያላችሁ እርዱኝ)

ሄለን (ዋረን፣ ሚሺጋን)
ሰላም ለዚህ ቤት። በዲቪ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። የምሠራው ለመኪና ፋብሪካዎች መቀመጫ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው፣ በሰዓት 18 ዶላር ከ50። መጀመሪያ በኤጀንሲ ነበርኩ፤ ቋሚ ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ከሁለተኛ ሺፍት ስንወጣ ሁለት ሴቶች ፓርኪንጉ በር ላይ ቆመው ካርድ ያስሞላሉ። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ለማስገባት ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ። "አስቤበት እመጣለሁ" ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ሱፐርቫይዘራችን ወሬው ደርሶት ሰኞ ሰበሰበንና "ዩኒየን ከገባ ደንበኛ ይሸሻል፤ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ወጣ ብላችሁ ዲትሮይትን እዩ" አለን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ለሲቲዝንሺፕ ለማመልከት አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶኛል። ይሄ ፊርማ እዚያ ይደርሳል? ቢያባርሩኝስ የሥራ አጥ ክፍያ መቀበል ፋይሌን ያበላሸዋል? በዚያ ላይ ወንድሜ አዲስ አበባ "ቪትዝ ገዝቼ ራይድ ልሥራ" ብሎ ይዞኛል። ግማሹን ልኬያለሁ። የቀረው በየወሩ ከኦቨርታይሜ ነው የሚወጣው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

አቤል (ግራንድ ራፒድስ)
እህቴ፣ ካርዱን ቀደሽ ጣዪው። ሲቲዝንሺፕሽን እስክትጨርሺ አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ። ሌላው ይደርሳል።

ጋሽ በቀለ (ዲርቦርን)
ልጄ ሄለን፣ አቤልን አትስሚው። 27 ዓመት የመኪና በር ስገጥም ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ከሱ የተሻለ አውቃለሁ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ካርዱ ኢሚግሬሽን ጋ አይሄድም። የሚሰበስበው ዩኒየኑ ነው። ከሠራተኛው 30 ከመቶው ከፈረመ ካርዶቹን ለፌዴራሉ የሠራተኛ ቦርድ ያስገባል፤ ቦርዱም ዩኒየን ይግባ አይግባ የሚል ምርጫ ያዘጋጃል። ድምፁ በምስጢር ነው፤ ለቦርዱ የገባውን ካርድም አለቃሽ አያየውም። ከ1935 ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው። በመፈረምሽ ማባረር ክልክል ነው። ክልክል ነው ማለት ግን አይደረግም ማለት አይደለም፤ ሰበብ ፈልገው የሚያባርሩ ሞልተዋል። ስለዚህ አታርፍጂ፣ ሥራ ላይ ስልክ አትንኪ። መዋጮው ኮንትራት ተፈርሞ ሠራተኛው ሳያጸድቀው አይጀመርም። በኛ በወር የሁለት ሰዓት ተኩል ክፍያ ገደማ ነበር። የሥራ አጥ ክፍያም አሠሪው ግብር የሚከፍልበት ኢንሹራንስ እንጂ ዌልፌር አይደለም።

አሁን ወደዚያ "ዲትሮይትን እዩ" ወዳለው ሰውዬ ልምጣ። በ1936 መጨረሻ ፍሊንት ላይ የጄኔራል ሞተርስ (ጂ ኤም) ሠራተኞች ፋብሪካው ውስጥ ቁጭ ብለው አንወጣም አሉ። ውጭ ቢሰለፉ ሌላ ሰው ቀጥሮ ያስገባ ነበር። ማሽኑ አጠገብ ሲቀመጡ ግን ምን ያድርግ? ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ይዞ ሲመጣ የመኪና በር ማጠፊያ ብረት እየወረወሩ መለሱት። 44 ቀን ነው የቆዩት። በየካቲት 1937 ጂ ኤም እጁን ሰጥቶ የመኪና ሠራተኞቹን ዩኒየን፣ ዩ ኤ ደብሊውን፣ ተቀበለ። ፎርድ እስከ 1941 ድረስ እምቢ ብሎ ነበር። ጡረታውም፣ የሐኪም ኢንሹራንሱም፣ ኑሮ ሲወደድ አብሮ የሚጨምረው ደመወዝም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ትምህርት ያልጨረሰ ሰው ቤት ገዝቶ ልጁን ኮሌጅ የሚልክባት ከተማ ነበረች። ዲትሮይትን እዩ ካለ ይሄንንም ይይ።

ዳዊት (ናሽቪል)
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ታሪኩን ግን ግማሹ ላይ ነው ያቆሙት። በ1950 ዲትሮይት 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ 639 ሺህ ቀርቷታል። ከተማዋ ራሷ በ2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ይዛ ኪሳራ አወጀች። ጂ ኤምም ክራይስለርም በ2009 ከስረው መንግሥት ነው ያነሳቸው። ከሥራ የተቀነሰ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ካርታ እየተጫወተ ደመወዙን የሚበላበት "ጆብስ ባንክ" የሚባል ነገር ነበር። እውነት አይደለም ይበሉኝ! የዩኒየኑ ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችም የአባላቱን ገንዘብ በልተው እስር ቤት ገብተዋል።

እዚህ ቴነሲ የኒሳን ፋብሪካ ከ1983 ጀምሮ አለ። ሠራተኛው በ1989ም በ2001ም ድምፅ ሰጥቶ ዩኒየን አንፈልግም አለ። ፋብሪካው ይኸው እየሠራ ነው። እኔም ቤት ገዝቻለሁ።

እትዬ አልማዝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ልጆች፣ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ፊርማ ነው። እኔ ፍርሃቷ ይገባኛል። አባቴ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበሩ። የ1966ቱ የኢሠአማ (የሠራተኞች አንድነት ማኅበር) አድማ ጊዜ (በኛ አቆጣጠር ነው የምለው) ስማቸውን ወረቀት ላይ አስፍረው ነበር። ያኔ ደስ ብሏቸው ነው የመጡት፤ ጠጅ ይዘው። ደርግ ሲጠናከር ያ ወረቀት ማን እጅ እንደገባ ሳያውቁ ዓመታት እንቅልፍ አጡ። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። እኛ ቤት "ፈርመሃል?" የሚለው ቃል እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። አሜሪካ 30 ዓመት ኖሬ ዛሬም ሱፐርማርኬት በር ላይ ፊርማ የሚያሰባስቡትን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

ለሲቲዝንሺፕ የሞላሁት የድሮው ፎርም ላይ የማንኛውም ማኅበር አባልነት ይጠየቅ ነበር። እድሬንና ቤተ ክርስቲያኔን ጻፍኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ያሁኑ ፎርም ምን እንደሚል ጠበቃ ጠይቂ፣ የኔ ልጅ።

አቤል
እድር ሌላ ዩኒየን ሌላ እትዬ። እድር ከአሠሪ ጋር አያጣላም።

እትዬ አልማዝ
እድርም የሚደርሰው ከሞትን በኋላ ነው።

ጋሽ በቀለ
ዳዊት፣ ጆብስ ባንኩ እውነት ነው። ሌባውም እውነት ነው፤ ሁለቱም በመታሰራቸው ደስ ብሎኛል። ግን ከተማዋ መቼ መራቆት እንደጀመረች እይ። ፓካርድ ዲትሮይት ላይ መኪና መሥራት ያቆመው በ1956 ነው። ዩኒየኑ ጡንቻው በጠነከረበት ሰዓት። አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች ሰፊ መሬት ፍለጋ ወደ ዳር ወጡ። ነጩም ተከትሏቸው ወጣ። ጥቁሩ ግን እንደልቡ ቤት የሚከራይበት ቦታ አልነበረውም። በ1967 ረብሻ ተነስቶ ከተማዋ ስትቃጠል 43 ሰው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውም ሄደ። ግብር የሚከፍለው ሲሄድ ዕዳው ከተማዋ ላይ ቀረ። ይሄን ዩኒየን ነው ያመጣው? ነዳጅ በ1973 ሲወደድ ትልልቅ መኪና መሥራት እንቀጥል ብሎ የወሰነው በር የሚገጥመው ነው?

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ እዚህ ቤት ተናግሬው አላውቅም። በ2007 የመጣው ኮንትራት አዲስ የሚቀጠረውን በግማሽ ደመወዝ ይቀጥር ነበር። እኛ 28 ዶላር፣ አዲሱ 14። የነባሩ አይነካም ተባለ። እሺ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ከፍሊንት የመጣ ልጅ አጠገቤ ተመደበ። ጎን ለጎን ቆመን አንድ ዓይነት በር እንገጥማለን፤ እሱ በእጁ ከኔ ይፈጥናል። አንድ አርብ የክፍያ ወረቀቱን አሳየኝ። የኔን እንዳያይ ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። አያቱ ያ 44 ቀን ከተቀመጡት አንዱ ነበሩ። ልጁ በስምንተኛ ወሩ ለቆ ሄደ።

ሄለን፣ ያንቺም 18 ዶላር ከዚያው ነው የመጣው። መቀመጫ ድሮ ፋብሪካው ራሱ ይሰፋው ነበር፣ በፋብሪካው ደመወዝ። በኋላ ለውጭ አቅራቢ ሰጡት። ጂ ኤም በ1999 የዕቃ ክፍሉን ዴልፋይ ብሎ ለብቻው አወጣው፤ በ2005 ከሰረ። ሥራው አልጠፋም። ደመወዙ ነው የቀነሰው።

ሮዛ (ሚኒያፖሊስ)
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ታናሽ እህቴ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሰፊ ነበረች። መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከአራት ሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ። ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ የአጎዋን ያለቀረጥ የማስገባት ዕድል ስትዘጋ ትእዛዝ ቀነሰና እነሱም ተቀነሱ። ዩኒየን ምናምን የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። 26 ዶላርም በዛ የሚል አልነበረም። ፋብሪካው ግን ሄደ። አሁን እህቴ ቤሩት ናት። እናቴ በደወልኩ ቁጥር የምታወራው ስለ እሷ ነው። እኔ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር አሳ የበላሁበትን ቀን እያሰብኩ ሌሊት ሥራ እገባለሁ።

ዳዊት
እህቴ ያ የሆነው በጦርነቱ ነው። ማን ጀመረው የሚለውን ከጠየቅሽ...

አድሚን
ዳዊት፣ እዚያ አንገባም። ባለፈው ወር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ወደ ሄለን ጥያቄ።

ዳዊት
እሺ። ጋሽ በቀለ አንድ ጥያቄ ብቻ። ምን ዓይነት መኪና ነው የሚነዱት? ምክንያቱም እኔ የማውቀው አበሻ ሁሉ ካምሪ ነው የሚነዳው። ካምሪ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ላይ ዩኒየን በሌለበት ፋብሪካ ይሠራል። ዲትሮይትን የገደልናት እኛው ነን።

ጋሽ በቀለ
ፎርድ! ሁልጊዜ ፎርድ! በ1987 በሱዳን በኩል ስመጣ የገዛኋት የመጀመሪያዋ መኪናዬ አሮጌ ዳትሰን ነበረች። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ጎማዬን አስተነፈሱት። የዩኒየን ጽሕፈት ቤቶች ፓርኪንግ ላይ "የውጭ አገር መኪና አይቆምም" የሚል ሰሌዳ ነበር። ከዚያ በፊት በ1982 ሃይላንድ ፓርክ ላይ ቪንሰንት ቺን የሚባል ወጣት በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሞቷል። አንደኛው ገዳይ የመኪና ፋብሪካ ኃላፊ፣ ሌላኛው ከሥራ የተቀነሰ። "በናንተ ምክንያት ነው ሥራ ያጣነው" ብለውት ነበር። ልጁ ቻይናዊ አሜሪካዊ ነው፣ ጃፓን አይደለም። ዳኛው የ3 ሺህ ዶላር ቅጣትና የገደብ ፍርድ ሰጥቶ ለቀቃቸው። ይሄን እንደሰማሁ ዳትሰኗን ሸጥኩ።

ሄለን
እኔ ኮሮላ ነው የምነዳው ☹ የ2009።

ትዕግሥት (ኦክላንድ)
ኧረ ሄለንዬ ቆይ! ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ ፍሪሞንት ጂ ኤምና ቶዮታ አንድ ላይ በከፈቱት ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ከ1984 ጀምሮ ነበር፤ እስከ 2010። ሠራተኛው በሙሉ የዚያው የዲትሮይቱ ዩኒየን አባል ነበር። የሚሠሩት ደግሞ ምን መሰለሽ? ኮሮላ! ፋብሪካው ሲዘጋ ባለቤቴ ጓንቱን ይዞ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ሰቀለው። አሁንም አለ። ሕንፃውን ቴስላ ወሰደው፤ ቴስላ ውስጥ ዩኒየን የለም። እና ዳዊት፣ ዩኒየን የሠራው ቶዮታ አለ፣ ዩኒየን የሌለው አሜሪካዊ መኪናም አለ።

የፊት መስታወትሽ ሥር፣ በሹፌሩ በኩል፣ ረጅም ቁጥር አለ። በ1 ከጀመረ እዚህ ነው የተሠራው፣ በ2 ከሆነ ካናዳ፣ በጄ ፊደል ከሆነ ጃፓን።

ዳዊት
ስለዚህ ዩኒየን ነበረው፣ ጥሩ መኪና ይሠራ ነበር፣ ተዘጋ። እኔስ ምን አልኩ?

ጋሽ በቀለ
የተዘጋው መጀመሪያ ጂ ኤም ስለወጣ ነው! ቀጥሎ ቶዮታ! ሠራተኛው ነው እንዴ የወጣው?

አቤል
የ2023ቱ አድማ ጊዜ እኔ ዕቃ አቅራቢ ጋ ነበርኩ። እነሱ 25 ከመቶ ጭማሪ አገኙ፤ እኔ ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። ማንም ዩኒየን አላስታወሰኝም። ስለዚህ ነው አትፈርሚ ያልኩት።

ጋሽ በቀለ
አቤል፣ ለዚህ እኮ ነው ካርዱ አሁን እናንተ ጋ የመጣው።

አቤል
ዘግይቶ።

ሄለን
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኬን አብርቼ በበረዶ ወጥቼ አየሁት። በ2 ነው የሚጀምረው፤ ካናዳ። እትዬ አልማዝ፣ ጠበቃው ለግማሽ ሰዓት 150 ዶላር አለኝ፣ ገና አልሄድኩም። ጋሽ በቀለ፣ ስለ ሥራ አጥ ክፍያው ያሉኝን ገባኝ፤ አድማ ራሳችን ብንወጣስ ክፍያው ይሰጠናል? እሱን ነው አሁን መጨነቅ የጀመርኩት። ነገ ሁለተኛ ሺፍት ነኝ። ሴቶቹ ይመጣሉ ብለዋል።

ዮናስ (ዴንቨር)
ሰላም ሄለን። ወንድምሽ ቪትዙን ገዝቷል? የአክስቴ ልጅ ገርጂ የሚሸጥ አለው፣ ንጹሕ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።