የቴክኖ ሸክላ በአጎቴ ማጫወቻ ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ከጎንደር ነኝ። አዲስ የሚወጡ የቴክኖና የሃውስ (የዳንስ ሙዚቃ) ሸክላዎች ከውጭ ላስመጣ ነው። ፒያሳ ቤታችን ያለው ግን የአጎቴ አሮጌ ማጫወቻ ነው፣ በጎማ ቀበቶ የሚዞር። ለሚክስ፣ ማለትም ሁለት ሙዚቃ እያያያዙ ለማጫወት፣ ይሆናል?

መልስ፦ ለማዳመጥ አዎ፣ ለሚክስ እርሳው። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በጣትህ ያዝ አድርገህ ስትለቀው ፍጥነቱ ቶሎ አይመለስም። ዲጄዎች ቴክኒክስ 1200 የሚባለውን ማጫወቻ የሚወዱት ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞረው ነው።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ መርፌውን ቀይር፣ ያረጀ መርፌ አዲሱን ሸክላ ይፍቀዋል! ደግሞ እነዚህ ብዙዎቹ ባለ 12 ኢንች ናቸው፣ በአንድ ገጽ አንድ ወይ ሁለት ሙዚቃ ብቻ፣ መስመሩ ሰፋ ስለሚል ቤዙ ይደልቃል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን በ33 ካጫወትከው እንቅልፍ ነው የሚወስድህ።

መልስ፦ የወደድከውን ቶሎ እዘዝ፣ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ጥቂት መቶ ቅጂ ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ በመርፌው እጀምራለሁ።