ለማያነቡ ወላጆች የሚሆን የንባብ መርጃ ያላችሁ ተባበሩን

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ 1ኛና 2ኛ ክፍል በአማርኛ የምናስተምር መምህራን ነን። ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ንባብ እንዲያለማምዱ የሚረዳ መርጃ አጥተን ተቸግረናል። በልጅ እጅ የሚላክ ወረቀት አልሠራም፤ ብዙዎቹ እናቶች አያነቡም፣ አንዳንዶቹም የሚያነቡት ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) ብቻ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ወላጁ መዋጮ ስለሚመስለው ይቀራል፤ በቡና ለቀማ ወቅትማ ማን ይመጣል!

አሁን የያዝነው መንገድ ቀላል ነው። ልጁ ማታ ለ10 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ወላጁ ሰምቶ "ስለ ማን ነው? ከዚያስ ምን ሆነ?" ብሎ በፈለገው ቋንቋ ይጠይቃል፣ ልጁ ማንበቡን ለማሳየት በካርድ ላይ ጭረት ያደርጋል። ለማያነብም ይሆናል። የተቸገርነው ልጁ ገጹን በቃሉ ይዞ ሲያነበንብ እናት መለየት ስለማትችል ነው። ቃላቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው በጣቱ እየነካ እንዲያነብ ማድረግ ያጋልጠዋል፤ ይህን ለወላጅ በወረቀት ማስረዳት ግን አይቻልም።

ስለዚህ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተቀዳ፣ ከ2 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ሚሞሪ የሚሰማ ድምፅ ያለው አለ? በሥዕል ብቻ የሚያስረዳ ካርድስ? ጭረቱን ልጆቹ ራሳቸው እንዳያደርጉትስ ምን ዘዴ አላችሁ?